ዕድሜና አቅም፦ አረጋውያንን በቀያቸው ማጥናት

ሁለት ጎረቤታሞችን በዐይነ ሕሊናችን እንመልከት። ሁለቱም ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባቶች ናቸው። በካፋ ዞን፣ በቦንጋ ዙሪያ፣ ደካን በመሰለ የገጠር መንደር ይኖራሉ። ሁለቱም ቡናና እንሰት አላቸው። በአንድ ክረምት ሁለቱም በሳንባ ምች ታመሙ፤ አንድ ዓይነት መድኃኒትም ታዘዘላቸው። የመጀመሪያው በሁለት ሳምንት ድነው ወደ ጓሯቸው ተመለሱ። ሁለተኛው ግን ሳሉ ቢለቃቸውም እንደ ቀድሞው መራመድ ተሳናቸው፤ በወሩ ደጃፋቸው ላይ ወደቁ፤ ከዚያም በኋላ ገበያ አልወጡም። ዕድሜው አንድ፣ በሽታው አንድ፣ መድኃኒቱም አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ስለ ምን ተለያየ?

ይህ ምሳሌ በምናብ የቀረበ ቢሆንም ክስተቱ በየመንደሩ የሚታይ ነው። ብዙዎቻችን «እርጅና ነው» ብለን እናልፈዋለን። የአረጋውያንን ጤና የሚያጠናው ሳይንስ ግን በዚህ መልስ አልረካም። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ ተመራማሪዎች ከዕድሜም ከበሽታም የተለየ አንድ ሁኔታ መኖሩን አስረድተዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህን ሁኔታ «አቅመ ድክመት» ብለን እንጠራዋለን። ምንነቱን፣ አለካኩን፣ በተለይም መለኪያው ከሌላ አገር ወደ ካፋ ሲመጣ የሚገጥመውን ችግር እንደሚከተለው እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የኢትዮጵያ ዘመን በ«ዓ.ም.»፣ የአውሮፓውያኑ ደግሞ በ«እ.ኤ.አ.» ተለይቶ ቀርቧል።

አቅመ ድክመት ምንድን ነው?

በቅድሚያ ቃሉን እናጥራ። በዕለት ተዕለት አማርኛችን «አቅመ ደካማ» ስንል ብዙውን ጊዜ ጧሪ ያጣ፣ ገቢ የሌለው ችግረኛ ማለታችን ነው። በሳይንሱ ግን አቅመ ድክመት የኑሮ ደረጃን አያመለክትም። ትርጉሙ የሰውነት ልዩ ልዩ ሥርዓቶች የመጠባበቂያ አቅም ከመመናመኑ የተነሣ ቀላል የሚመስል ጉዳት እንኳ ሰውን ከባድ አደጋ ላይ የሚጥልበት ሁኔታ ማለት ነው። ስለሆነም ባለጸጋም ሰው አቅመ ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ደሀውም ብርቱ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ አስረጂ የሚሆነን ከእንሰት የተሻለ ነገር የለም። እንሰት በየጓሮው ለዓመታት ቆሞ የሚቆይ፣ ባስፈለገ ጊዜ ተቆርጦ የሚፋቅ፣ ቆጮውም በጉድጓድ ተቀብሮ የሚቀመጥ ተክል ነው። የደረሰ እንሰት የሞላበት ጓሮ ያለው ቤተሰብ የአንድ ዓመት በቆሎ ቢበላሽበት ክፉውን ጊዜ ይሻገራል። ጓሮው የተራቆተበት ቤተሰብ ግን በደህናው ዓመት ከጎረቤቱ ባይለይም በመጀመሪያው ድርቅ ወይም ውርጭ ልዩነቱ ይገለጣል። በምሳሌያችን የቀረቡት ሁለት አረጋውያንም ከመታመማቸው በፊት ለተመልካች አንድ ይመስሉ ነበር። የተለያዩት በጓሯቸው በቀረው የአካል «እንሰት» ብዛት ነው። የሳይንሱም ዋና ጥያቄ ይህን መጠባበቂያ ክፉው ቀን ከመምጣቱ በፊት ለይቶ ማወቅ ይቻላል ወይ የሚል ነው።

በሰውነት ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ዕድሜ ሲገፋ የጡንቻ መጠንና ጉልበት ይቀንሳል። ይህ መመንመን «ሳርኮፔኒያ» የሚል ስያሜ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ ስያሜውን ያወጡት አሜሪካዊው ኧርዊን ሮዘንበርግ ናቸው። ጡንቻን የሚያዝዙ የነርቭ ሴሎች ቁጥራቸው እየቀነሰ ይሄዳል፤ በተለይም ፈጣን እንቅስቃሴ የሚያስገኙት የጡንቻ ጭረቶች ይጎዳሉ። አንድ ሰው ሲደናቀፍ ራሱን ከመውደቅ የሚያድነው በእነዚህ ፈጣን ጭረቶች በመሆኑ ጉዳታቸው የአረጋውያንን መውደቅ ያበዛል። ከዚህም ጋር በደም ውስጥ ዝቅተኛ ሆኖም የማይበርድ የብግነት ሁኔታ ይታያል፤ የአንዳንድ ሆርሞኖች መጠን ይቀንሳል፤ በሴል ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያዎችም ይዳከማሉ።

ነገሩን የሚያባብሰው እነዚህ ለውጦች እርስ በርሳቸው በአዙሪት መያያዛቸው ነው። ጡንቻ ሲመነምን እርምጃ ይዘገያል፤ እርምጃ ሲዘገይ ሰው ከቤት መውጣት ይተዋል፤ እንቅስቃሴ ሲቀንስ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ምግብ ሲጎድል ጡንቻው ይብስ ይመነምናል። ወደዚህ አዙሪት የሚገባው በር ብዙ ነው። ለአንዱ በሽታ፣ ለሌላው የትዳር ጓደኛ ሞት፣ ለሦስተኛው የዐይን ሞራ ሊሆን ይችላል።

ሦስት የመለኪያ መንገዶች

የመጀመሪያውና እጅግ የታወቀው መለኪያ አሜሪካዊቷ ሐኪም ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረቡት ነው። አምስት ምልክቶችን ይመለከታል። እነርሱም ሳያስቡት በአንድ ዓመት ውስጥ 4.5 ኪሎ ግራም ወይም ከዚያ በላይ መክሳት፣ የመዛል ስሜት፣ የእጅ ጭብጥ መድከም፣ የእርምጃ መዘግየትና የእንቅስቃሴ መቀነስ ናቸው። ሦስትና ከዚያ በላይ ምልክት ያለው ሰው አቅመ ደካማ ይባላል፤ አንድ ወይም ሁለት ያለው በመዳረሻው ላይ ነው፤ አንድም የሌለው ብርቱ ነው። መለኪያው የተፈተነው ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ በሆኑ 5,317 አሜሪካውያን ሲሆን፣ ከመቶ 6.9 የሚሆኑት አቅመ ደካሞች ሆነው ተገኝተዋል።

ሁለተኛው በካናዳ ኬኔዝ ሮክዉድና ባልደረቦቻቸው ያዳበሩት የጉድለት ስሌት ነው። በዚህ ዘዴ 30 ወይም ከዚያ በላይ የጤና ጉድለቶች ይዘረዘራሉ፤ ከዐይን መፍዘዝና ከመገጣጠሚያ ሕመም ጀምሮ ብቻን መታጠብ እስካለመቻል ድረስ ማለት ነው። ከዚያም የተገኘው ጉድለት ለተጠየቀው ይካፈላል። ለምሳሌ ከ40 ጉድለቶች 10 የተገኙባቸው እናት ውጤታቸው 10 ÷ 40 = 0.25 ይሆናል፤ ብዙ ተመራማሪዎችም አቅመ ድክመት የሚጀምረው ከዚህ አካባቢ ነው ይላሉ። የሚያስደንቀው ይህ ቁጥር በተግባር ከ0.7 እምብዛም የማያልፍ መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ ጉድለት ተሸክሞ በሕይወት መቆየት የሚችል ሰው አይገኝም ለማለት ይቻላል።

ሦስተኛው በኔዘርላንድስ ቲልቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 የቀረበው የ15 ጥያቄዎች መጠይቅ ነው። ስምንቱ ስለ አካል፣ አራቱ ስለ አእምሮና ስሜት፣ ሦስቱ ስለ ማኅበራዊ ኑሮ ይጠይቃሉ፤ አምስትና ከዚያ በላይ ነጥብ አቅመ ድክመትን ያመለክታል። ይህ መጠይቅ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚኖሩ አረጋውያን ዘንድ በመፈተኑ ለአገራችን ተማሪዎች ልዩ ትርጉም አለው።

ጥናቱ ለምን በየቤቱ ይካሄዳል?

አንድ ተማሪ «አረጋውያንን ለማጥናት ቦንጋ በሚገኘው ሆስፒታል በር ላይ ተቀምጦ መጠየቅ አይበቃምን?» ሊል ይችላል። አይበቃም። ሆስፒታል የሚደርሰው የታመመ፣ ግን መንገዱን የሚችል ወይም የሚሸከመው ሰው ያገኘ ነው። ከቤት መውጣት የተሳነው አቅመ ደካማ በመዝገቡ አይገኝም። በገበያ ቀን መጠየቅም እንዲሁ ያሳስታል፤ ዳገቱን ወጥቶ ገበያ የደረሰ አረጋዊ በዚህ ብቻ ብርታቱን አስመስክሯልና። በተቃራኒው በቡና ለቀማ ወራት ቤት ለቤት ብንዞር ብርቱዎቹ ወደ ጫካው ስለሚሄዱ ቤት የምናገኘው ደካሞቹን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ችግሩን አጋንነን እንዘግባለን። መፍትሔው አስቀድሞ የአረጋውያንን ሙሉ ዝርዝር ማዘጋጀት፣ ከዝርዝሩ በዕጣ መምረጥ፣ የታጣውንም ሰው በማለዳ ወይም በምሽት ተመልሶ መፈለግ ነው።

በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ጥሩ መሠረት አላት። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሠራተኞችን የመደበ ሲሆን፣ እነዚህ ሠራተኞች አባወራውንና እማወራውን በስም ያውቃሉ። የፕሮግራሙ ትኩረት በዋነኛነት እናቶች፣ ሕፃናትና ተላላፊ በሽታዎች ቢሆኑም በእጃቸው ያለው የቤተሰብ መዝገብ ለአረጋውያን ጥናትም መነሻ ይሆናል።

ስንት ሰው ይበቃል? በስታቲስቲክስ ትምህርት የምናውቀውን ቀመር እንጠቀም። የአቅመ ድክመቱ ስርጭት ካልታወቀ 0.5 ብለን እንነሣለን፤ የምንታገሠው ስሕተት 0.05 ይሁን። እንግዲህ 1.96 × 1.96 × 0.5 × 0.5 ÷ (0.05 × 0.05) = 384.16 ይሆናል፤ ማለትም 385 ሰው ማለት ነው። በኢትዮጵያ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ሕዝብ ከመቶ አምስት ገደማ ነው። ስለዚህ 5,000 ነዋሪ ባለው ቀበሌ ወደ 250 አረጋውያን እንጠብቃለን። አንድ ቀበሌ ብቻውን አይበቃንም። በርካታ ቀበሌዎችን ከመረጥን ደግሞ የአንድ ቀበሌ ሰዎች እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ የናሙናውን ቁጥር እስከ እጥፍ ማሳደግ ሊያስፈልግ ይችላል።

መለኪያው ወደ ካፋ ሲመጣ

እስካሁን ያየነው የሥራው ቀላል ክፍል ነው። ከባዱ ክፍል በመጀመሪያው ጥያቄ ይጀምራል፤ «አባት፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» የሚለው ነው። የልደት ምዝገባ ባልነበረበት ዘመን የተወለዱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ «ስድሳ» ወይም «ሰባ» ብለው በደፈናው ይመልሳሉ። በሕዝብ ቆጠራዎች በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ከልክ በላይ የሚበዙት ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ተመራማሪው የታሪክ ድርጊቶችን እንደ ቀን መቁጠሪያ ይጠቀማል። «ጣሊያን ሲወጣ ተወልደው ነበርን?» «የታኅሣሡ ግርግር ሲሰማ ከብት ይጠብቁ ነበርን?» «የመሬት አዋጁ ሲታወጅ አግብተው ነበርን?» እያለ ይጠይቃል። የገጠር መሬት አዋጅ በወጣበት በ1967 ዓ.ም. የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው የተወለደው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዕድሜ በስሕተት ከተመዘገበ የአቅመ ድክመቱ ስርጭት በዕድሜ ክልል ሲከፋፈል ሁሉም ቁጥር ይዛባል።

ሁለተኛው እንቅፋት ክብደት ነው። «ባለፈው ዓመት 4.5 ኪሎ ቀንሰዋልን?» የሚለው ጥያቄ አምና ሚዛን ላይ የወጣን ሰው ይጠይቃል። በሚዛን ፋንታ ልብስ መስፋቱን፣ የቀለበት ወይም የቀበቶ መላላቱን መጠየቅ ይቻላል። ሆኖም ሰው እህል ባለቀበት ወቅት ከስቶ በመኸር ሊመለስ ስለሚችል መቼ እንደተጠየቀ መመዝገብ ግድ ይላል። ቁመትም ቢሆን ጀርባቸው በጎበጠ አረጋውያን ላይ አሳሳች ነው፤ በዚህ ጊዜ የክንድ ስፋት ወይም የጉልበት ከፍታ ተለክቶ ቁመቱ ይሰላል።

ሦስተኛው ስለ እንቅስቃሴ የሚጠይቀው ክፍል ነው። በፍሪድ ጥናት ሥራ ላይ የዋለው ዝርዝር 18 እንቅስቃሴዎችን ይዟል፤ ከእነርሱም መካከል ጎልፍ፣ ቴኒስ፣ ዋናና የሣር ማጨጃ መግፋት ይገኛሉ። ይህን ዝርዝር እንዳለ ወደ ደካ ብናመጣው ዕድሜ ልካቸውን እንሰት ሲፍቁ፣ ውኃ ሲቀዱና እንጨት ሲሸከሙ የኖሩ እናት «እንቅስቃሴ የላቸውም» ተብለው ይመዘገባሉ። ዝርዝሩ በአካባቢው ሥራ መተካት አለበት። መኮትኮት፣ እንሰት መፋቅ፣ ቡና መልቀምና ማስጣት፣ ከብት ማገድ፣ ማር መቁረጥ፣ ገበያና ለቅሶ በእግር መሄድ ሁሉ መግባት ይኖርባቸዋል።

አራተኛው ቋንቋ ነው። የመዛል ስሜት የሚለካው «ባለፈው ሳምንት የምሠራው ሁሉ ከባድ ጥረት ይጠይቀኝ ነበር» የሚል መንፈስ ባለው ዐረፍተ ነገር ነው። ዳገት ላይ ለሚያርስ ገበሬ ሥራው ሁሉ ጥረት እንደሚጠይቅ የታወቀ ነው። ከዚህም በላይ በካፋ የብዙው አረጋዊ የአፍ መፍቻ ካፊኖኖ በመሆኑ ጥያቄው ከአማርኛ ወደ ካፊኖኖ፣ በሌላ ተርጓሚ ደግሞ ከካፊኖኖ ወደ አማርኛ ተመልሶ ካልተነጻጸረ የተለካው ድካም ይሁን የትርጉም ስሕተት መለየት ያስቸግራል።

አምስተኛው ቦታና ዕቃ ነው። የእርምጃ ፍጥነት የሚለካው በ4.57 ሜትር ሜዳ ላይ ነው፤ ቁመታቸው አጠር ያለ ሰዎች 7 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከፈጀባቸው ዘገምተኛ ይባላሉ። በተዳፋት ላይ በተሠራ ግቢ፣ በክረምት ጭቃ፣ ይህን ያህል ደረቅና ለጥ ያለ መሬት ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ሌላው ፈተና እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር አምስት ጊዜ መነሣትና መቀመጥ ሲሆን፣ ይህም በ14 ሰከንድ ውስጥ ሊጠናቀቅ ይገባል። ነገር ግን ከዝቅተኛ በርጩማ መነሣት ከወንበር ከመነሣት ይልቅ እጅግ ይከብዳል። አጥኚው የራሱን አንድ ዓይነት ወንበር ከቤት ቤት ይዞ ካልዞረ የለካው የአረጋውያኑን ጉልበት ሳይሆን የበርጩማዎቹን ከፍታ ይሆናል።

የመጨረሻውና ጥልቁ ችግር የመቁረጫ ነጥብ ነው። የእጅ ጭብጥ ዳይናሞሜትር በሚባል መሣሪያ ይለካል። ጭብጥ ቀላል ቢመስልም ብዙ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና በ17 አገሮች ወደ 140,000 የሚጠጉ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ጭብጥ በ5 ኪሎ ግራም በቀነሰ ቁጥር የመሞት ዕድል በ16 በመቶ ከፍ ብሎ መታየቱን አመልክቷል። በፍሪድ መለኪያ ቀጠን ላሉ ወንዶች መቁረጫው 29 ኪሎ ግራም፣ ቀጠን ላሉ ሴቶች 17 ኪሎ ግራም ነው። ይሁን እንጂ በአፍሪካና በደቡብ እስያ የጤነኛ ሰዎችም አማካይ ጭብጥ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ዝቅ ይላል። የአሜሪካውን ቁጥር ብንወስድ ብርቱዎችንም ደካማ ልንል እንችላለን። «ከራሳችን ናሙና ዝቅተኛውን አንድ አምስተኛ ደካማ እንበል» ብንል ደግሞ፣ ሕዝቡ ጤነኛም ይሁን የተጎዳ፣ ምንጊዜም ከመቶ 20 ደካማ እናገኛለን። ይህ መለኪያ ሳይሆን ክብ ውስጥ መዞር ነው።

ከዚህ ክብ የሚያወጣው ጊዜ ነው። ሰዎቹን አንድ ቀን ለክተን ከመተው ይልቅ ለዓመታት ብንከታተላቸው ማን እንደወደቀ፣ ማን ራሱን መርዳት እንደተሳነው፣ ማን እንደሞተ እናውቃለን። ያን ጊዜ አደጋው ከየትኛው ቁጥር በታች እንደሚጀምር የሚነግረን የራሳችን ሕዝብ ይሆናል። በኢትዮጵያ ለዚህ ዓይነት ክትትል ልምድ አለ። በ1979 ዓ.ም. የተጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራምና በካፋ አጎራባች የሚገኘው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግልገል ጊቤ የመስክ ጥናት ማዕከል ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን በየቤቱ እየተከታተሉ የሚመዘግቡ ሥርዓቶችን ዘርግተዋል። ከሌላ አገርም በታንዛኒያ፣ በኪሊማንጃሮ ግርጌ በሚገኘው የሃይ ወረዳ፣ ለገጠር አረጋውያን የሚስማማ አጭር መለኪያ ለማውጣት የተደረገው ጥረት ጥሩ አርአያ ነው።

ከመለካት ባሻገር

ይህ ሁሉ ድካም ምን ይጠቅማል? አቅመ ድክመት የማይመለስ ቢሆን ኖሮ መለካቱ ለአረጋውያኑ ሐዘን ከመጨመር በቀር ፋይዳ ባልኖረው ነበር። ነገር ግን በተለይ በመዳረሻው ላይ ያለ ሰው ሊመለስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990 ማሪያ ፊያታሮንና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ዘጠና ዓመት አካባቢ የሆኑ በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ አሥር አረጋውያንን ለስምንት ሳምንታት ክብደት በማንሣት የጭን ጡንቻቸውን እንዲያሠሩ አደረጉ። የጡንቻው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። በዘጠና ዓመትም ቢሆን ጡንቻ ለሥራ ምላሽ ይሰጣል ማለት ነው።

ጡንቻ ግን ያለ ፕሮቲን አይገነባም። የዘርፉ ባለሙያዎች ለአረጋውያን የሚመክሩት በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ነው። 50 ኪሎ ግራም ለሚመዝኑ እናት ከ50 እስከ 60 ግራም ይሆናል። ቆጮ ኃይል ሰጪ ምግብ ሲሆን ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው። እንሰት ክፉ ቀን የሚያሻግር ቢሆንም የአረጋዊ ማዕድ በቆጮ ብቻ እንዲቆም መተው አይገባም፤ ባቄላ፣ አተር፣ ወተት ወይም እንቁላል ሊታከልበት ይገባል። ጥርስ ላጡ አረጋውያን ደግሞ ባቄላው በሽሮ መልክ ቢቀርብ ይመረጣል። የዐይን ሞራን ማስወገድ፣ የማያስፈልጉ መድኃኒቶችን መቀነስና ጎረቤት ቡና ሲጠራራ አረጋዊውን አለመርሳት ሁሉ የአዙሪቱን በሮች የሚዘጉ ናቸው።

ከዚህ ጋር የአጥኚው ግዴታ ይመጣል። አንድ ተማሪ እማማን ጭብጣቸውን ለክቶ፣ 11 ኪሎ ግራም ብሎ መዝግቦ፣ አመስግኖ ቢሄድ እርሳቸው ከጥናቱ ምን አገኙ? ፈቃዳቸውን በሚገባቸው ቋንቋ መጠየቅ፣ ያለመሳተፍ መብታቸውን ማክበር፣ ችግር የተገኘባቸውን ከጤና ጣቢያ ጋር ማገናኘት፣ ውጤቱንም ለቀበሌው ተመልሶ መንገር የጥናቱ አካል እንጂ ትርፍ ደግነት አይደለም።

ማጠቃለያ

በኢትዮጵያ አማካይ የሕይወት ዘመን እ.ኤ.አ. በ2000 ከ50 ዓመት ብዙም ያልራቀ ነበር፤ ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ሆኗል። ይህ ትልቅ ድል ነው። ሆኖም ድሉ የዛሬዎቹ ተማሪዎች ወላጆችና አያቶች ረጅም ዕድሜ እንዲያገኙ ከማድረጉ ጋር የተጨመረላቸውን ዓመታት በብርታት ወይስ በአልጋ ላይ ያሳልፏቸዋል የሚል ጥያቄ አስከትሏል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው በሌላ አገር ሰውነትና ኑሮ ልክ የተሰፋ መለኪያ ሳይሆን በራሳችን ቀዬ ተፈትኖ የተስተካከለ ነው።

እንግዲህ አንባቢያችን በመጪው ዕረፍት ወደ አገር ቤት ሲሄድ አያቱን «ስንት ዓመትዎ ነው?» ብሎ ብቻ አይብቃ። ከተቀመጡበት እንዴት እንደሚነሡ፣ እስከ ደጃፍ በምን ፍጥነት እንደሚራመዱ፣ ከአምና ዘንድሮ ምን እንደተዉ ልብ ይበል። በመግቢያችን ያየናቸው ሁለተኛው አባት ሳንባ ምች ከመያዛቸው በፊትም እርምጃቸው ዘግይቶ፣ ቀበቷቸው ላልቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የሚያስተውላቸው ሰው ቢያገኙ ኖሮ ምናልባት ገበያ መውጣታቸው ባልቀረ ነበር።